የጎሚስታው ገንዳ ወዴት ያፈሳል?

ሰውየው ጎሚስታ ነው። የተበሳ ጎማ ይጠግናል፣ የተነፈሰ ይነፋል፤ ሌላ ሙያ የለውም፣ እንዲኖረውም አስቦ አያውቅም። ሰፈሩ «አይለቅም» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ጥጋኙን ለጥፎ በመዶሻ ከቀጠቀጠ በኋላ ጎማውን በእግሩ ወደ ባለቤቱ እየገፋ «ይኼ አይለቅም» ይላል። እንዲህ ማለት አዲስ ነገር አይደለም፤ ባለሥልጣንም መንገድ ሲመርቅ ይኸንኑ ይላል። ልዩነቱ ባለሥልጣኑ ያለውን በማግስቱ ይረሳዋል፣ አይለቅም ግን ያለውን ያምነዋል።

ይህን እምነት በአደባባይ የተቃወመ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ፣ ዕድሜውን የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ምላሱን የሚነዳ ሹፌር። በሥራ ዘመኑ አንድ ጎማ ደጋግሞ መልሶ ያመጣለት ነበር። አይለቅም ባመጣለት ቁጥር ጎማውን ያገላብጥና «ሌላ ቀዳዳ ነው» ይላል።

«እዚያው ቦታ ላይ?» አለ ሹፌሩ አንድ ቀን።

«አጠገቡ።»

«የዛሬው ምስማር ከትናንቱ ምስማር ጋር ቀጠሮ ነበራቸው በለኛ!»

አይለቅም ክረምቱን ሙሉ አላናገረውም። ሹፌሩ ሌላ ጎሚስታ ጋ ሄዶ አስጠገነ፣ ጎማው እስከ ዛሬ ይዞራል፤ አይለቅም ግን ይህን እንደ ማስረጃ አይቀበልም።

በቤቱም ያው አስተዳደር ነው። አይማታም፣ አይሳደብም፣ መጠጥ አይቀምስም፤ እንዲህ ያለውን ባል ሰፈር «መልአክ» ይለዋል፣ ሰፈር መልአክ አይቶ ስለማያውቅ። የእሱ ጭቆና ድምፅ የለውም። ተሳስተሃል ያለውን ሰው ያኮርፋል። ኩርፊያው ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ከምሳ እስከ እራት የሚዘልቅ ተራ ኩርፊያ አይደለም፤ የራሱ መዋቅርና የራሱ በጀት ያለው ተቋም ነው። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ለግድግዳው «ጨው ያንሰዋል» ይላል። ሸሚዙ የት እንዳለ ለወንበሩ ይጠይቃል። በዚህ አገዛዝ ሥር ሴትየዋ አንዲት ልጅ አሳድጋለች፣ እልፍ ቀሚስ ሰፍታለች፣ አንድም የተቃውሞ ድምፅ ሳታሰማ አርጅታለች። ስህተቱን ፊት ለፊት ከመንገር ይልቅ ከኋላው እየተከተለች በጸጥታ ማረምን ለመደች። ይህን ጥበብ ሰዎች «ትዳር» ይሉታል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከቁም ሳጥን አናት ላይ የጨርቅ ጥቅል ለማውረድ በርጩማ ላይ ወጥታ ወደቀች፣ ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሞች ብረት አስገቡላት። አጥንቱ ገጠመ። እግሩ ግን መግጠሙን አላመነም፤ መደገፊያውን በለቀቀች ቁጥር ይብረከረካል። እግሯን የምታለማምዳት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በጣቷ ደረቷን ነካ አድርጋ «ያልዳነው እዚህ ጋ ነው» አለቻት። «ውሃ ውስጥ ይለማመዱ። ውሃ ሸክምዎን ይጋራዎታል።»

ይህን ምክር በስልክ የሰማችው ልጃቸው የሚነፋ ገንዳ ገዝታ ላከች። ልጅቱ ሌላ ከተማ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ በስልክ ስታወራ እንኳ ሰልፍ የምታስተካክል ይመስላል። ገንዳው እንደ ደረሰ ደወለችና አቋሟን አሳወቀች።

«አባዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። እማዬ ምንም ሳትይዝ ገንዳውን ካቋረጠች እዚያው ትቀመጥ። ካላቋረጠች ይዣት እመለሳለሁ። እኔ ጋ ሊፍት አለ፣ ሐኪም ቅርብ ነው፣ ሰው አለ።»

«እኔ ሰው አይደለሁም?»

«አንተ ጎሚስታ ነህ አባዬ።»

እናትየው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የስፌት መኪናዋን ጎማ በመዳፏ ወዲያና ወዲህ አሽከረከረች። የልጇን ቤት ታውቀዋለች። ስምንተኛ ፎቅ ነው፤ መስኮቱ የሌላ ሕንፃ ጀርባ ያሳያል፤ ቀን ቀን ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። እዚህ ግን በሩ ላይ ደንበኛ አለ፣ ዚፕ የተበጠሰበት አለ፣ ወሬ አለ። «እዚያ ሄጄ ከተቀመጥኩ መነሳት የለም» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። አይለቅም ሰማ፤ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ማንም የትም አይሄድም» አለ። እንደ ልማዱ ይህንንም አመነው።

ገንዳው ሲዘረጋ ግቢውን ሞላው። ግድግዳው ወፍራም ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው፤ አናቱን እንደ ግዙፍ የመኪና ጎማ የሚነፋ ቀለበት ይዞረዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀለበቱ ይነፋል፣ ውሃ ይሞላል፣ ቀለበቱ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ቀለበቱ ከተነፈሰ ግድግዳው ይተኛል፣ ውሃውም በተኛው በኩል እግሬ አውጪኝ ይላል።

ግቢው የጎሚስታ ግቢ ነው፤ ከአሮጌ ጎማ የተመዘዘ ሽቦ ተበታትኖበታል። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ይጠርጋል። አይለቅም ዘረጋና ነፋ፤ ወዲያው ከቀለበቱ ሆድ ቀጭን ፉጨት ተሰማ። ይህን ጊዜ ፈገግ አለ። ሚስቱ ከወንበሯ ላይ ሆና ፈገግታውን አወቀችው።

«ይኼማ የኔ ሥራ ነው» አለ። ሞረዱን አመጣ። እንደ ጭነት መኪና ጎማ ፕላስቲኩን ሞረደው። የጎማ ማጣበቂያውን ማስቲሽ ቀባው፣ ጥቁር ጥጋኝ ለጠፈበት፣ በመዶሻ ቀጠቀጠው። ቦታው ከቀለበቱ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ ገንዳው ሲሞላ ውሃ የሚያለብሰው ነው። ተነሥቶ እጁን አራገፈና የሚለውን አለ።

ከዚያ ወዲህ ቀለበቱ በየማለዳው ረግቦ ይገኛል። አይለቅም በኮምፕሬሰር ይነፋዋል፣ የጎደለውን ውሃ ይሞላል፣ ሚስቱን በትንሿ መሰላል አሻግሮ ያስገባታል። እሷ ውስጥ እስካለች ድረስ ቀለበቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወጥታ ሲመሽ ይረግባል። ስለዚህ ጉዳይ አይለቅም ሳይንሳዊ ትንተና ነበረው።

«ብርድ ነው። አየር ሲበርደው ይኮማተራል። ቀን ቀን እንዴት እንደሚቆም አታይም?»

«አያለሁ» ትላለች ሚስቱ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ትንተናው አላስተኛውም። ልጁ እኩለ ቀን ሳይሞላ ትደርሳለች። ቀለበቱ ፊቷ ከተኛ፣ ስለ እግሩ መነጋገር ሳያስፈልግ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። ሚስቱን ውሃው ውስጥ አቁሞ፣ በሳፋ ሳሙና አረፋ መትቶ፣ በቀለም ብሩሽ ቀለበቱን እየቀባ ይዞር ጀመር። አየር የሚወጣበት ካለ አረፋው ይነፋል። ተንበርክኮ ቀባ፤ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ፤ ቫልቩን በምራቁ አርሶ አፈጠጠበት። ምንም። ላቡ ከአገጩ ላይ ይንጠባጠባል። በየመሀሉ ወደ በሩ ይመለከታል።

ሹፌሩ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። «መኪናው ተገለበጠ እንዴ? ጎማው ብቻ ነው የቀረው?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«አይቻለሁ። ሁሉን ቀብተሃል። ያንተ ጥጋኝ ያለበትን ግን እንደ ጉድጓድ ዘለልከው።»

አይለቅም ብሩሹን አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ። «እሱ ውሃ ውስጥ ነው። ቢያፈስ አረፋ ይወጣዋል። ና! ዓይን ካለህ ና እይ!»

ሹፌሩ በበሩ ዞሮ ገባ፤ ሁለቱም ገንዳው ጫፍ ላይ ጎንበስ አሉ። ሴትየዋ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ቀለበቱን ከሥሩ በቀኝ መዳፏ ይዛለች። ከእጇ ግራና ቀኝ ውሃው እንደ መስተዋት ጸጥ ብሏል። አንዲት አረፋ የለችም።

«እህስ?» አለ አይለቅም።

«እህስ ምን? አፍሬያለሁ በቃ» አለ ሹፌሩ። ዘወር ብሎ ሴትየዋን አያት። «አንቺስ እመቤት፣ ውሃው አልበረደሽም? ከንፈርሽ ጠቁሯል እኮ።»

«ደህና ነኝ።»

«ትንሽ ወዲያ ወዲህ በይ፣ ይሞቅሻል።»

«ደህና ነኝ አልኩ!» አለች። ሹፌሩ በዚህ ሁሉ ዘመን ጮክ ስትል ሰምቷት ስለማያውቅ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። አይለቅም ሳፋውን በእግሩ ከጎማ ክምር ኋላ ደበቀ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ሸሚዙን ቆለፈ፤ ሲቆልፍ አንድ ቁልፍ ዘለለ። ልጅቱ ገባች። ቁልፏን በጣቷ ላይ እያሽከረከረች አባቷን ሳመች፣ ጎንበስ ብላ እናቷን ሳመች፣ ሹፌሩን «እንደምን ነዎት ጋሼ» አለች፤ ከዚያ እጆቿን አጣምራ ቆመች። ተማሪ ሲያረፍድ የምትቆመው አቋቋም መሆኑን ማንም ሳይነግረው ሁሉም ተረዳ።

«ከውሃ ውስጥ ጠበቅሽኝ እማዬ? ጎበዝ። በይ እንይሽ። መሰላሉ ጋ ድረስ ብቻ።»

መሰላሉ በገንዳው ማዶ ነው። እናትየው አየችው። ቀጥሎ ባሏን አየችው።

«ሂጂ እንጂ» አለ አይለቅም።

አልሄደችም።

«እማዬ፣ ቀስ ብለሽ። እጅሽን ከፕላስቲኩ ላይ አንሺ።»

«ትንሽ ልረፍ።»

«ምን ሠራሽና ነው የምታርፊው?» አለ አይለቅም፤ ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፣ ድምፁ ግን ተሰነጠቀበት። «ትናንት ይችን ያህል ተራምዳለች! አይደለም እንዴ? ንገሪያት!»

አልነገረቻትም። የተናገረው ውሸት ነበር። ትናንትም ከትናንት ወዲያም እዚያችው ቦታ፣ ቀለበቱን ይዛ ነው የቆመችው። አይለቅም ይህን «ልምምድ» ብሎታል። እስከዚያች ቅጽበት የፈራው ገንዳው እንዳይተነፍስ ብቻ ነበር፤ ገንዳው ቀጥ ብሎ ቆሞ እሷ እንደማትራመድ አላሰበበትም።

«ልቀቂው በቃ!» አለ። «ሰው ያይሻል! ልቀቂው!»

«ተዋት አባዬ።»

«እግሯ ደህና ነው እኮ! ሐኪሟ ናት ያለችው! ልቧ ነው እንጂ...»

«ሰማሁ። ለልቧ ደግሞ ይህ ግቢ አልሆናትም።» ልጅቱ ጎንበስ ብላ የእናቷን ግራ ትከሻ ዳበሰች፤ ድምፅዋ አሁን የርዕሰ መምህርት አልነበረም። «እማዬ፣ አታስቢ። ዕቃሽን እኔ አዘጋጃለሁ። የስፌት መኪናዋን በኋላ እናስመጣታለን። እሺ?»

ሴትየዋ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። ዓይኗ ሞላ። ቀኝ እጇ ደክሟት ነበር፤ ግራ እጇን በሥሩ አሾለከችና ቀኟን አወጣች። በቀዝቃዛ ውሃ የተኮማተሩ ጣቶቿን አፏ ላይ አድርጋ ተነፈሰችባቸው። ሹፌሩ ጣቶቿን አየ። ልጅቱ ግን ያየችው ሌላ ነገር ነው። ዓመታት ሙሉ ጠረጴዛ ሥር የሚቀባበሉ ተማሪዎችን ስትይዝ የኖረች ሴት ናት።

«እማዬ። እጅሽን ስትቀይሪ ቦታውን ለምን አልቀየርሽም?»

«እ?»

«መዳፍሽ ሥር ምንድን ነው ያለው?»

«ምንም። ምን ይኖራል?»

አይለቅም በዚህ ጊዜ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። የልጁን ጥያቄ እንኳ አልሰማም፤ የሰማው «ዕቃሽን አዘጋጃለሁ» የሚለውን ነው። ቀለበቱ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ክንዱን ውሃ ውስጥ ሰደደ፣ የሚስቱን አንጓ ያዘ። «ስትይዢው ነው የማይሆንልሽ! ልቀቂው ስልሽ ልቀቂው!»

«ተው አንተ ሰው! ተው! አትንካው!»

እጇን ነቀለው።

አረፋ ወጣ። መጀመሪያ እንደ መቁጠሪያ በክር የተሰካ ይመስል ነበር፤ ቀጥሎ ውሃው ፈላ። ጥቁሩ ጥጋኝ አንድ ጫፉ ተነሥቶ እንደ ምላስ ሲርገበገብ ሁሉም አዩት። አይለቅም በደመ ነፍስ በአውራ ጣቱ ሊጫነው ሞከረ። ጥጋኙ ከነማስቲሹ ተልጦ ወደ ላይ ወጣና ፊቱ ላይ ተንሳፈፈ።

ለቀቀ።

ሹፌሩ፣ ለእግዜር ምስጋና ይግባውና፣ ምንም አላለም።

ቀለበቱ አይለቅም በተደፋበት በኩል ጎበጠ። የሰውየው ክብደት መጉበጡን ረዳው እንጂ አላገደውም። ግድግዳው ወደ ውጭ ተኛ፤ ውሃው አንድ ጊዜ ተጠራቅሞ እንደ በሬ ገፋውና ሰውየውን በጀርባው ግቢው ላይ ዘረጋው። ሳፋው፣ ብሩሹ፣ የሹፌሩ አንድ ጫማ አብረው ሄዱ። ሴትየዋ የምትይዘው ነገር ከእጇ ሥር ጠፋ። ውሃው ወገቧን ይዞ ወደ ተኛው ግድግዳ ይጎትታታል።

«እማዬ!» ልጅቱ ከነጫማዋ ዘላ ልትገባ እግሯን አነሳች።

«እንዳትገቢ!» አለች እናቷ። «ገንዳውን ትጥይብኛለሽ! ቁሚ እዚያው!»

ወደ ኋላዋ ዞረች። ከተኛው ግድግዳ ጀርባዋን ሰጥታ መሰላሉን አየች። ደህናውን እግሯን አስቀደመች። ብረት የገባበትን አስከተለች፤ ተብረከረከ፣ እጆቿን እንደ ወፍ ዘረጋች፣ ቆመች። ውሃው ከወገቧ ወርዶ ጭኗ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ ጉልበቷ ላይ ሆነ። ሸክም ሊጋራት የመጣው ውሃ ሸክሙን ሁሉ መልሶ ለእሷው እያስረከባት ይሄዳል። ልጅቱ ቁልፏን ጨብጣ የቁልፉ ጥርስ መዳፏ ላይ ታትሟል። እናትየው ሌላ እርምጃ ተራመደች፣ ሌላም። መሀል ላይ ሰማያዊው ፕላስቲክ ከእግሯ ሥር ተንሸራተተ፤ ሹፌሩ «ወይኔ!» አለ፤ እሷ በአፏ ትንፋሿን ስባ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እግሯን ነቅላ ወደ ፊት ተከለችው። መሰላሉን ስትይዝ በገንዳው ውስጥ የቀረው ውሃ ቁርጭምጭሚቷን ብቻ ነበር የሚነካው።

ልጅቱ አቅፋ አወረደቻት፣ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ በራሷ ሹራብ ጠቀለለቻት። አይለቅም ከጭቃው ተነሥቶ መጣ። ሁለንተናው ይንጠባጠባል፤ እጁ ውስጥ ጥቁር ጥጋኝ ይዟል። ፊቱ ግን፣ ይመዝገብልኝ፣ የድል አድራጊ ፊት ነበር።

«አቋረጠች!» አለ። «ያውም ያለ ውሃ! አየሽ? አልነገርኩሽም? ከእንግዲህ ምን ትያለሽ?»

ልጅቱ ቀና አለች። «እግሯ ደህና ነው አባዬ። አምኛለሁ።»

«በቃ!»

«አልበቃም። ከመቼ ጀምሮ ነው እማዬ? ከመቼ ጀምሮ ነው ይህን ቀዳዳ በእጅሽ የደፈንሽው?»

እናትየው ሹራቡን እስከ አገጯ ሳበችው። «ከመጀመሪያው ቀን።»

«ለምን አልነገርሽውም?»

ሹፌሩ ጫማውን ፍለጋ ጎማዎቹ መሀል ተደበቀ።

«እኔ ልንገርህ» አለች ልጅቱ ወደ አባቷ ዞራ። «ብትነግርህ ታኮርፋለህ። ስለዚህ ኩርፊያህን ከምትሰማ ልምምዷን ተወች፣ እጇ በብርድ እስኪደነዝዝ ቆመች። ዛሬ ደግሞ፣ ጥጋኝህ ለቀቀ ከማለት ስምንተኛ ፎቅ ወጥታ መቀመጥን መረጠች። አፏ ላይ ነበር እኮ! አየኋት! ዋጠችው። ለእግሯ ስል አልነበረም የምወስዳት ብዬ ልዋሽህ አልችልም፤ ለእግሯ ነበር። አሁን ግን ለሌላ ነው። ነገ ቤት ውስጥ ጋዝ ቢያፈስ፣ ምድጃውን ያስተካከልከው አንተ ከሆንክ፣ ትነግርሃለች?»

አይለቅም ለመመለስ አፉን ከፈተ። የሚለውን ያውቅ ነበር፤ «ሌላ ቀዳዳ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ሚስቱን አየ። እሷ ፊቱን አላየችም፤ የምታየው ከኋላው ያለውን ግድግዳ ነው። ከነገ ጀምሮ በእሷ ፋንታ እሱ የሚያነጋግረውን ግድግዳ ማለት ነው። አስቀድማ ራሷን እያዘጋጀች ነበር።

ሐሞቱ ፈሰሰ። ጥጋኙን ገለበጠው። ጀርባው ላይ ከማስቲሹ ጋር የተላጠ ሰማያዊ ብናኝ ነበረበት፤ ሞረዱ የበላው ፕላስቲክ። በጣቱ ዳሰሰው። ይህን ሰው ለዓመታት አውቀዋለሁ፤ በራሱ ሥራ ጀርባ ላይ እንዲህ ሲያፈጥ ታይቶ አይታወቅም።

«ለቋል» አለ።

ሹፌሩ ከጎማዎቹ መሀል ብቅ ሊል ብሎ ተወው።

«ለቋል» አለ ደግሞ፣ ቃሉ እንደ ባዕድ ምግብ አፉ ውስጥ እየተገላበጠበት። «የሞረድኩት እኔ ነኝ። ቀዳዳውን ያሰፋሁት እኔ ነኝ። የጎማ ማስቲሽ ለዚህ አይሆንም ማለት ነው።»

ግለ ሂስ የሚባለውን ነገር ብዙ ሰው በብዙ ስብሰባ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ሁሉም ተጽፎ የተሰጠውን ነበር የሚያነቡት። ይኸኛው ወረቀት አልነበረውም፤ የያዘው ጥጋኙን ብቻ ነበር።

እናትየው በዝግታ ዓይኗን ከግድግዳው ላይ አነሳች። «ከገንዳው ጋር የመጣ ጥጋኝ ነበረ» አለች። «ፕላስቲክ ነው። ከነማጣበቂያው። ጥለኸው ነበር፤ አነሳሁት።»

«የት አለ?»

«የክር ቆርቆሮዬ ውስጥ።»

ልጅቱ አመጣችው። አይለቅም ረግቦ የወደቀውን ቀለበት በጭኑ ላይ ዘረጋ፤ ቦታውን በደረቅ ጨርቅ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። እጁ ለአመሉ ሞረዱን ሊያነሳ ሄደ።

«አይሞረድም» አለች ሚስቱ።

ቀና ብሎ አያት። የሴትየዋ ጣቶች ወንበሩ ላይ ጠበቁ፤ ያለችውን ለመመለስ ጊዜው አልፏል። አይለቅም ያነሳውን ሞረድ አገላብጦ አየው። ከዚያ አስቀመጠው።

«አይሞረድም» አለ። «እሺ። ከዚያስ?»

«ጨርቁ እርጥብ ነው። ሌላ ጨርቅ ያዝ።»

ሌላ ጨርቅ ያዘ። ማጣበቂያውን በስስ ቀባ፣ ብልጭ የሚለውን ጥጋኝ ከመሀል ወደ ዳር እየዳበሰ ለጠፈ። መዶሻ አላነሳም። ሲጨርስ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ቃል እንዲናገር ሦስት ሰው ጠበቀው። መዳፉን ጥጋኙ ላይ ጭኖ ቁጭ ብሎ ቀረ።

«ሲደርቅ እንሞክረዋለን» አለ።

«ጉድ!» አለ ሹፌሩ፤ ከዚህ በላይ ሊችል አልቻለም። «እንሞክረዋለን አለ! ሰምታችኋል!»

«አንተ ደግሞ ጫማህን አድርግና ውጣ!»

ልጅቱ ሰዓቷን አየች። ረጅም መንገድ ይጠብቃታል። «እማዬ፣ እኔ አላስገድድሽም። ገንዳውን አቋርጠሻል፣ ቃሌ ቃል ነው። ግን አንቺ ንገሪኝ። ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?»

አይለቅም መዳፉን ከጥጋኙ ላይ ሳያነሳ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ሌላም አለ?» አለ።

«ምን ሌላ?» አለች ሚስቱ።

«እኔ ያበላሸሁት። ያልነገርሽኝ።»

ሴትየዋ ሹራቡን ከትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ልጇን አየች፣ ባሏን አየች፣ እንደገና ልጇን። ድምፅዋ ሲጀምር ሹክሹክታ ነበር።

«የመታጠቢያ ቤቱን መወጣጫ አጋድለህ ነው የሠራኸው። ዳግመኛ ያልወደቅኩት በተአምር ነው።»

«እሺ።»

«የመኝታ ቤቱ መብራት ማብሪያ ስነካው ይነዝረኛል። በጨርቅ ነው የማበራው።»

«መቼ? ከመቼ...» ብሎ ጮኸ፤ ዋጠውና «እሺ» አለ።

«የመነጽሬን እግር በማስቲሽ ስታጣብቀው መስታወቱን አደብዝዘኸዋል። በአንድ ዓይኔ ነው የምሰፋው። ደግሞ ሰርግ ያልሄድነው፣ የእህቴ ልጅ ሰርግ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ ብለህ...»

«እማዬ» አለች ልጅቱ፤ በዓይኗ ላይ ያቀረረውን እንባ በክንዷ እየጠረገች። «ልሂድ ወይስ ልጠብቅሽ?»

«የት ነው የምሄደው?» አለች እናቷ፤ ወንበሯን ወደ ባሏ አዙራ፣ ብረት የገባበትን እግሯን በደህናው ላይ ደርባ። «ገና መች ጨረስኩ!»